የእቁብ ብር ደረሰኝ፤ ላፕቶፕ ልግዛ ብል ሁሉም "ስልክ ግዛ" አለኝ

የማርቆስ መምህር

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ማርቆስ ነው ያለሁት፤ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ዘንድሮ የክፍል ኃላፊ ሆኜ 58 ተማሪ ይዣለሁ። በክረምት ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው። ኮርሱን ጨርሻለሁ፤ የቀረኝ የመመረቂያ ጽሑፉ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ስልኬ ስክሪኑ ተሰነጣጥቋል፤ ባትሪው ከምሳ ሰዓት አያልፍም። በቅርቡ የእቁብ ዕጣ ወጣልኝና 45 ሺህ ብር እጄ ገባ። ባለቤቴም የሥራ ባልደረቦቼም "ጥሩ ስልክ ግዛበት፣ ሁሉንም ይሠራልሃል" ይሉኛል። የኔ ልብ ያለው ግን ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ ነው። ስልኩን ስክሪንና ባትሪ አስቀይሬ ለጥቂት ጊዜ ልገፋበት እችላለሁ።

አሁን እንዴት እንደምሠራ ልንገራችሁ። ሮስተር፣ ማለትም የተማሪዎቹን ውጤት የምመዘግብበትን ሠንጠረዥ፣ የማዘጋጀው በስልክ ነው። ስማቸው ወደ ታች፣ የትምህርት ዓይነቱ ወደ ጎን ነው። ሒሳብና እንግሊዝኛን አልፌ ፊዚክስ ላይ ስደርስ የተማሪው ስም ከስክሪኑ ይወጣል። ስሙን ልመልስ ስል ውጤቱ ይጠፋል። ስለዚህ ስሙን ወረቀት ላይ ጽፌ አጠገቤ አስቀምጣለሁ፤ ተራ ቁጥሩን እየቆጠርኩ አስገባለሁ።

አማካሪዬ ደግሞ ምዕራፍ ሁለትን አርሞ በቴሌግራም ይልክልኛል። በዎርድ ነው፤ ዳርና ዳሩ አስተያየት ሞልቶታል። ስልክ ላይ አስተያየቱን አንድ በአንድ እየነካሁ ነው የማነበው። የትኛውን ዓረፍተ ነገር እንደነካ ለማየት ደግሞ መዝጋት አለብኝ። የኔን ጽሑፍና የምጠቅሰውን ጥናት ጎን ለጎን ማየትማ የማይታሰብ ነው። ማታ ልጆቹ ሲተኙ እቀመጣለሁ፤ አንድ ገጽ ሳላስተካክል ዓይኔ ይደክማል።

ስለዚህ ጥያቄዬ፦ በዚህ ዘመን ለዕለት ተዕለት ሥራ ላፕቶፕ መምረጥ ያስኬዳል? በዚህ ብርስ የሚረባ ነገር ይገኛል? መብራቱና ዳታው ነገር ደግሞ ያሳስበኛል። የምታውቁ እስኪ ምከሩኝ።

ቢኒ ጀሞ

ስልክ ይግዙ መምህር። ላፕቶፕ ተሸክሞ መዞር ቀርቷል። ዎርዱም ኤክሴሉም በስልክ አለ። ትልቅ ስክሪን ያለው ስልክ ከያዙ አይቸገሩም።

የልደታዋ ጸሐፊ

መምህር፣ ላፕቶፑን ይግዙ። ምክንያቴን ረዘም አድርጌ ልጻፍልዎት፤ ይህ ነገር የዕለት እንጀራዬ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ልደታ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ጠዋት ከፍቼ ማታ እስክዘጋ ሰው ስልኩን እንደያዘ ይመጣል። ሰው በስልኩ የማይጀምረው ነገር የለም። የሚቸገረው ሲጨርስ ነው። ሲቪው በስልክ ተጽፏል፤ ፕሪንት ሲደረግ ግን አንዲት መስመር ለብቻዋ ሦስተኛ ገጽ ላይ ትወጣለች። የትምህርት ማስረጃው ሁሉ ፎቶ ተነስቷል፤ ቀጣሪው የሚፈልገው ግን በአንድ ፒዲኤፍ የተያያዘ፣ ከ2 ሜጋ ባይት ያልበለጠ ፋይል ነው። ማመልከቻው የሚዘጋው ደግሞ ዛሬ 11 ሰዓት ላይ ነው።

ዲቪ ይሞላ በነበረበት ሰሞን ቤቱ ጢም ይል ነበር። ፎቶው ካሬ ሆኖ ከ600 በ600 ፒክስል ማነስ የለበትም፤ ክብደቱ ደግሞ ከ240 ኪሎ ባይት መብለጥ የለበትም። ቅጹ ከተከፈተ በ60 ደቂቃ ውስጥ ካልተላከ እንደገና ከዜሮ ነው። ሰዉ ፎቶውን ሲቆርጥ፣ ሲያሳንስ፣ ጋለሪ ውስጥ የተቆረጠው የትኛው እንደሆነ ሲፈልግ ሰዓቱ ያልቅበታል። ከዚያ እኛ ጋ ይመጣል። እኔ ቅጹን በግራ፣ ፎቶውን በቀኝ አድርጌ እጨርስለታለሁ። ከሱ የተለየ እውቀት ኖሮኝ አይደለም። ሁለቱንም አንድ ላይ ስለማይ ነው።

ለኔ የላፕቶፕ ጥቅሙ ከፍጥነቱም ከስክሪኑ ስፋትም በላይ ይህ ነው። የምሠራው ነገርና የምሠራበት ምንጭ አብረው ከፊቴ ይሆናሉ።

ይበልጥ ግልጽ እንዲሆን የፍርድ ቤቱን ሥራ ልንገርዎት። ይግባኝ የሚያጽፉ ሰዎች የሥር ፍርድ ቤቱን ውሳኔ በስልክ ፎቶ አንስተው ያመጣሉ። ውሳኔው ላይ የመዝገብ ቁጥር አለ። ውሳኔው የተሰጠበት ቀን አለ። የተከራካሪዎቹ ስም እስከ አያት አለ። የብሩ መጠን በአኃዝና በፊደል አለ። ይህ ሁሉ ሳይዛነፍ ወደ አዲሱ ማመልከቻ መግባት አለበት። እንግዲህ ፎቶውን ወደ ላፕቶፕ አሳልፌ የዊንዶውስን ቁልፍ ይዤ የግራውን ቀስት ስጫን ውሳኔው የስክሪኑን ግማሽ ይይዛል። ሌላውን ግማሽ ለዎርድ እሰጠዋለሁ። ከዚያ በኋላ የሚመላለሰው ዓይኔ ብቻ ነው፤ እጄ ከኪቦርዱ ላይ አይነሳም። ፎቶው ላይ ማኅተሙ ያደበዘዘው ቁጥር ካለ እሱን ብቻ አጉልቼ አያለሁ፤ ጽሑፌ ካለበት አይነቃነቅም።

ስልክ ላይ ይህንኑ ሥራ የሞከሩ ደንበኞች አሉኝ። ውሳኔውን ያያሉ፤ ቁጥሩን በቃል ይይዛሉ፤ አፑን ቀይረው ይጽፋሉ፤ ተጠራጥረው ይመለሳሉ። ስድስት አኃዝ በቃል ሲያዝ ሁለቱ ቦታ መለዋወጣቸው ያለ ነው። እንዲህ ያለ ስሕተት የገባበት ማመልከቻ ከመዝገብ ቤት ይመለሳል። ያ ሰው ደግሞ ሌሊት ተሳፍሮ ከገጠር የመጣ ሊሆን ይችላል። አልጋ ይከራያል፣ ሌላ ቀን ያድራል። እንደዚህ ያለ ሰው ፊቴ ሲቆም አንጀቴን ይበላዋል።

የርስዎም ሮስተር ከዚህ አይለይም። ስሙን ወረቀት ላይ ጽፈው ከስልኩ ጎን ያስቀመጡት እኮ ሁለተኛ ስክሪን ስላጡ ነው። ኤክሴል ላይ ፍሪዝ ፔንስ የሚል አለ፤ የስሙን ዓምድና የላይኛውን ረድፍ ካሉበት እንዳይነቃነቁ ያደርጋቸዋል። በስልኩ አፕም ይሠራል። ግን ስም እስከ አያት ሲጻፍ የስልኩን ስክሪን ይይዘውና ለውጤት ጠባብ ቦታ ብቻ ይቀራል። ላፕቶፕ ላይ ስሙም፣ ሁሉም የትምህርት ዓይነት፣ ድምሩም፣ አማካዩም በአንድ እይታ ይመጣል። ቀመሩን የመጀመሪያው ተማሪ ላይ ይጽፉና እስከ 58ኛው ድረስ በማውስ ይጎትቱታል። ደረጃውንም ራንክ የሚባለው ቀመር ያወጣልዎታል። አንዱን ውጤት ቢያስተካክሉ የሁሉም ደረጃ ራሱ ይስተካከላል። ለሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ፋይሉን በሌላ ስም ሴቭ ያደርጉና ውጤቱን ብቻ ይቀይራሉ።

የአማካሪዎን እርማት በተመለከተ፣ ላፕቶፕ ላይ አስተያየቱ ሁሉ በቀኝ ዳር ይደረደራል፤ ከየትኛው ዓረፍተ ነገር እንደተነሣም በመስመር ተያይዞ ይታያል። ያረመልዎትን አንድ በአንድ እየተቀበሉ ወይም እየመለሱ ይወርዳሉ። ለማጣቀሻው ደግሞ ዞተሮ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። መጽሐፉንና ጥናቱን እሱ ውስጥ ያስገባሉ፤ ዎርድ ላይ እየጻፉ ሳለ መጥቀስ ሲፈልጉ ከዚያው ይመርጣሉ። መጨረሻ ላይ የዋቢ ዝርዝሩን በፊደል ተራ አሰልፎ ያወጣልዎታል። ዩኒቨርሲቲው "የአጠቃቀስ ስልቱን ቀይር" ቢልዎት በአንድ ጊዜ ሁሉንም ይለውጠዋል። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያስተካክሉ ተማሪዎች እኔ ቤት ብዙ ገንዘብ የሚከፍሉት ለዚህ ነው። እኔ ብከፈልም፣ ተማሪው ራሱ ቢሠራው ደስ ይለኛል።

አማርኛ መጻፉም ሌላ ነው። ስልክ ላይ በሁለት አውራ ጣት ነው የምንጽፈው። ላፕቶፕ ላይ አሥሩም ጣት ይሠራል። ዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ቋንቋ ጨምር ሲሉ አማርኛን ይመርጣሉ። ኪይማን የሚባለውም በነፃ ይገኛል። የእንግሊዝኛውን ድምፅ እየጫኑ ነው የሚጻፍበት፤ ለምሳሌ ኤስና ኢ ሲጫኑ "ሰ"ን ይሰጣል። እጅዎ እስኪለምድ ትንሽ ይዘገያሉ፤ ከለመደ በኋላ ግን አንድ ገጽ የፈተና ጥያቄ ለመጻፍ ስልክ አያነሡም።

ሹፌሩ

መምህር፣ እኔ ግን በሌላ በኩል ልናገር። የራይድ ሹፌር ነኝ። ሥራዬ፣ ገንዘቤ፣ ቤተሰቤ ሁሉ ስልኬ ውስጥ ነው። ጥሪ የምቀበለው በስልክ፣ ካርታ የማየው በስልክ፣ ሒሳብ የምቀበለው በቴሌብር። የልጆቼን የትምህርት ቤት መልእክት በቴሌግራም አያለሁ። አንድ ጊዜ ላፕቶፕ ገዝተን ነበር፤ ለልጆቹ ብለን። አሁን ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል። ሲከፈት አፕዴት ይጠይቃል፤ በሆትስፖት ሳገናኘው ጥቅሌን ባንዴ ይጨርሰዋል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ያው ይጠፋል።

እህታችን የተናገረችው እውነት ነው፤ ግን ሁሉም ሰው ጸሐፊ አይደለም። ገንዘቡ አንድ ጊዜ ነው የሚመጣው። የተሰነጠቀ ስልክ ይዞ መክረምም ቀላል አይደለም፤ የባንክ የማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣው እኮ በስልኩ ነው። ስልኩ ከሞተ ብሩም አብሮ ይቆለፋል። ይህንንም ያስቡበት።

የመገናኛው ጥገና

ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ ያገለገለም እሸጣለሁ። የማን ምክር ይሻላል የሚለው ውስጥ አልገባም። ከገዙ ግን እንዳይታለሉ እነዚህን ይያዙ።

መጀመሪያ የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ፕሮሰሰሩን ይዩ። "ኮር አይ 5 ነው" የሚል ሻጭ ምንም አልነገረዎትም። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ያንብቡ። 6200 ቢል ስድስተኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) ነው። 8250 ወይም 8350 ቢል ስምንተኛ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ምክንያቱም ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው በኢንቴል በኩል ከስምንተኛው ጀነሬሽን ጀምሮ ነው ማለት ይቻላል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ከዚያ በኋላ አሮጌዎቹ ገበያውን አጥለቅልቀውታል። ዋጋቸው ያጓጓል። ስድስተኛና ሰባተኛ የያዘ ሰው በዊንዶውስ ፋንታ ነፃውን ሊኑክስ ሚንት ቢጭንበት ጥሩ ይሠራል፤ መምህር ግን አማካሪያቸው ሊኑክስ ላይ በማይጫነው በዎርድ እያረመላቸው ስለሆነ ስምንተኛውን ይፈልጉ።

ራሙ 8 ጊጋ ይሁን። ዲስኩ ኤስኤስዲ ይሁን፤ 256 ጊጋ ይበቃል። የድሮው የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ካለበት ጥለውት ይሂዱ።

በመሥሪያ ቤት ያገለገሉትን ይምረጡ። ኤች ፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5፣ ዴል ላቲቲውድ 7490፣ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480። ሦስቱም ብዙ ጊዜ ስምንተኛ ጀነሬሽን ናቸው፤ ሰባተኛ ያለባቸውም ስላሉ ቁጥሩን ያንብቡ። መለዋወጫቸው ይገኛል፤ ራማቸውም ይጨመራል። ቲ480 ሁለት ባትሪ ነው ያለው። አንዱ ውስጥ ነው፤ አንዱ ከውጭ ይነቀላል። የውጪውን ላፕቶፑ እየሠራ መቀየር ይቻላል። መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር እኔ እሱን ነው የምመክረው።

ባትሪውን ሻጩ በአፉ አይንገርዎት። ዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ እሱን እንዲያወጣ ይጠይቁት። ዲዛይን ካፓሲቲ (አዲስ ሳለ የሚይዘው) እና ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ (አሁን የሚይዘው) የሚሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ግማሽ በታች ከሆነ የባትሪ መቀየሪያ ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ። ዎርድ ከፍተው ቁልፎቹን በሙሉ አንድ በአንድ ይጫኑ። ማጠፊያውን ቀስ ብለው ከፍተው ይዝጉ፤ ሲጥጥ ካለ ወይም ጥጉ ከተሰነጠቀ ይለፉት። አጥፍተው አብርተው ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ዊንዶውስ ሳይነሣ በፊት በሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ ውስጥ፣ ይግቡ፤ የይለፍ ቃል ከጠየቀ እንዳይገዙ። ከሚሸጥልዎት ሰው በጽሑፍ ዋስትና ይቀበሉ፤ አጭርም ቢሆን።

የማርቆስ መምህር

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ወንድማችን ሹፌሩ ያሉት ልቤን ነክቶታል፤ የስልኩን ጥገና ከ45 ሺሁ ላይ አስቀድሜ አነሣለሁ። በቀረው ላፕቶፕ እፈልጋለሁ።

እህቴ፣ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛው የዳታው ጉዳይ ነው፤ ቤቴ ዋይፋይ የለኝም፣ በሆትስፖት ነው የምጠቀመው። ሁለተኛው ትንሽ ግር ያለኝ ነገር ነው። ዲፓርትመንታችን ለዓመታት ያጠራቀመው የአማርኛ ፈተናና ማስታወሻ በፍላሽ አለ። ስልኬ ላይ ስከፍተው ፊደሉ ሁሉ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ሆኖ ይወጣል። ተበላሽቶ ነው? ላፕቶፕ ብገዛ ይነበባል?

የልደታዋ ጸሐፊ

መምህር፣ በመጀመሪያ ለወንድሜ ለሹፌሩ። ስልክ አያስፈልግም አላልኩም፤ እኔም ሒሳብ የምቀበለው በቴሌብር ነው። መምህር ስልኩን ማስጠገኑን ማስቀደማቸውም ትክክል ነው። የርስዎ ሥራ ስልክ ውስጥ ካለ ለርስዎ ስልክ ነው ትክክሉ። መምህር ግን ማታ ማታ የሚሠሩት ጽሑፍና ሠንጠረዥ ነው። ቁም ሣጥን ላይ ያለውን ላፕቶፕ ደግሞ እባክዎ ያውርዱት። ልጆችዎ ኪቦርድ ላይ ሳይነኩ ዩኒቨርሲቲ ከገቡ እዚያ ይቸገራሉ። እኔ ጋ የሚመጡት የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ብዙዎቹ በስልክ ጎበዞች ናቸው፤ ፋይል ሴቭ አድርጉ ስላቸው ግን የት እንደሚቀመጥ አያውቁም። ያሳዝነኛል፤ ማንም አላሳያቸውም።

መምህር፣ ዳታውን በተመለከተ መፍትሔ አለው። ላፕቶፑ ከሆትስፖቱ ጋር ከተገናኘ በኋላ የዋይፋዩን ስም ነክተው ሚተርድ ኮኔክሽን የሚለውን ያብሩ። ይህን ሲያደርጉ ዊንዶውስ ከባድ ከባዱን አፕዴት በራሱ ማውረድ ያቆማል። ዋንድራይቭ የሚባለውም ፋይል ወደ ኢንተርኔት እየጫነ ጥቅልዎን እንዳይበላ ከታች በቀኝ በኩል ካለው ምልክቱ ላይ ያስቁሙት። አፕዴቱን ትምህርት ቤት ወይም ዩኒቨርሲቲ ዋይፋይ ሲያገኙ ያውርዱ፤ ጨርሰው አይተዉት፣ የደኅንነት ነገር አለው። ከዚያ ውጪ ዎርድና ኤክሴል ያለ ኢንተርኔት ነው የሚሠሩት። ምዕራፍ ሁለትን ለማስተካከል አንድ ሜጋ ባይት አያስፈልግዎትም። መብራት ሲጠፋም ባትሪው ደህና ከሆነ ሥራ አይቋረጥም።

ፋይሉን አያያዝ ላይ አንድ ነገር አደራ ልበልዎ። ስልክ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍዎ የት ነው ያለው? አንዱ ቴሌግራም ውስጥ፣ አንዱ ዳውንሎድ ውስጥ፣ አንዱ የዎርዱ አፕ ውስጥ ነው። ሦስቱም ስማቸው ይመሳሰላል፤ የትኛው የመጨረሻው እንደሆነ በቀኑ ነው የሚገመተው። ስልካቸው ተሰርቆ ወይም ሞልቷል ብለው ሲያጸዱ ጽሑፋቸው የጠፋባቸው ተማሪዎች እኔ ጠረጴዛ ፊት አልቅሰዋል። ላፕቶፕ ላይ አንድ ፎልደር ይክፈቱ፤ ስሙን መመረቂያ ይበሉት። ውስጡ ምዕራፎቹን ለየብቻ ያስቀምጡ፤ ባረሙ ቁጥር ቀኑን ጨምረው በአዲስ ስም ሴቭ ያድርጉ። በሳምንት አንድ ቀን ፎልደሩን እንዳለ ፍላሽ ላይ ይቅዱ፤ አንድ ቅጂ ደግሞ ለራስዎ በቴሌግራም ሴቭድ መሴጅስ ይላኩ። ላፕቶፑ ቢሰረቅ እንኳ ጽሑፉ ይተርፋል።

ፍላሹን ይዘው እኛን ወደመሰለ ቤት ሲሄዱ ተጠንቅቀው ነው። ሾርትከት ቫይረስ የሚባለው ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየዞረ ነው። ፎልደሮቹ ሁሉ ቀስት ያለባቸው ሾርትከት ሆነው ካገኟቸው አይንኳቸው፤ ፎርማትም አያድርጉ። ብዙ ጊዜ ፋይሉ አይጠፋም፤ ይደበቃል። አንቲቫይረስ ባለው ኮምፒውተር አጽድተው የተደበቀውን አሳይ ሲሉት ይወጣል። ፕሪንት ለማድረግ የሚሄዱበት ፍላሽ ለብቻው ይሁን፤ ዋናው ፍላሽ ከቤት አይውጣ።

አሁን ወደ ድሮው ፈተና። አልተበላሸም፣ አይጨነቁ። ያ ፋይል በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ በድሮው ፎንት የተጻፈ ነው። በዚያን ዘመን የኛ ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ የራሱ ቦታ አልነበረውም። ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የዓለም ፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ስለዚህ ፎንት ሠሪዎቹ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የኛን ፊደል መልክ አስቀመጡ። ፋይሉ ውስጥ የተመዘገበው የላቲኑ ምልክት ነው፤ አማርኛ አድርጎ የሚያሳየው ፎንቱ ነው። ስልክዎ ያ ፎንት ስለሌለው የተመዘገበውን እንዳለ ያወጣልዎታል። ፎንቱ የተጫነበት ላፕቶፕ ላይ ሲከፍቱት ቁልጭ ብሎ ይነበባል። እኔ ቤት ከኔ በፊት የነበሩት ጸሐፊ የጻፏቸው ውሎችና ማመልከቻዎች እስካሁን በዚሁ መንገድ ይከፈታሉ።

ለባልደረቦችዎ በስልክ ማከፋፈል ከፈለጉ ፓወር ግዕዝ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ከፍተው ሴቭ አዝ ፒዲኤፍ ያድርጉት። ፒዲኤፉ የፊደሉን መልክ ይዞ ስለሚሄድ ማንኛውም ስልክ ላይ ይነበባል። ግን ከፒዲኤፉ ኮፒ አድርገው ሌላ ቦታ ቢለጥፉ ያው ድብልቅልቁ ይመለሳል፤ ፍለጋም አይሠራበትም። ጥያቄዎቹን እያሻሻሉ በየዓመቱ መጠቀም ካሰቡ ወደ ዩኒኮድ መቀየር ያስፈልጋል። የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ። ከተቀየረ በኋላ ዋናውን በግራ፣ የተቀየረውን በቀኝ አድርገው መስመር በመስመር ያመሳክሩ። በተለይ ሥርዓተ ነጥቡን፣ ቁጥሩንና እንደ "ሏ"፣ "ቷ"፣ "ኳ" ያሉትን ፊደላት ይዩ፤ የሚያመልጡት እነሱ ናቸው። ከአንድ ምዕራፍ ጥያቄ ይጀምሩ፤ ግር ያለዎት ፊደል ካለ የሁለቱን መስኮቶች ፎቶ አንስተው እዚሁ ይላኩልኝ፣ አይቼ እመልስልዎታለሁ።